ስለ አንዲት ትንሽ ጭልፊትና ጎንደር ስለማትኖር አይጥ

«ጭልፊቷና ይቺ አይጥ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?»

ጥያቄው የእህቴ ልጅ ነው። የልጆች ጥያቄ መጨረሻው ሁሌ ማን ያሸንፋል ነው። አንበሳና ነብር፣ ሜሲና ሮናልዶ፣ አሁን ደግሞ ጭልፊትና አይጥ። ነገሩን ያመጣችው ቪየና የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት፤ አንድ ቪዲዮ ላከችለት። የፈረንጅ መቃብር ቦታ ነው። አንዲት ወፍራም፣ ጉንጫም ፍጥረት መቃብሩ ላይ ከተቀመጠው ፋኖስ ውስጥ አንገቷን ከታ ሻማውን ትግጣለች። ሙታን እንዲታሰቡበት የበራውን ሻማ! እናቴ አይታ አማተበች። እኔ እንኳን ብዙም አልደነቀኝ። አይጥ ጧፍ እንደምትበላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ፍጥረቷ ሃምስተር ናት። ጎማ ላይ የምትሮጠዋ ትንሿ የቤት ሃምስተር ግን አይደለችም። የዚያችኛዋ ዘር ከሶሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 እስራኤል አሃሮኒ የሚባል የእንስሳት ተመራማሪ ሀለብ አካባቢ ከእርሻ መሬት ውስጥ አንዲት እናት ከነልጆቿ አስቆፍሮ አወጣ፤ ዛሬ በየሀገሩ በልጆች ክፍል ውስጥ ያለው ወርቃማ ሃምስተር በአብዛኛው ከዚያ ቤተሰብ የወረደ ነው። የቪየናዋ የአውሮፓ የዱር ሃምስተር ናት። ትልቅ፣ ቁጡ፣ ብቸኛ።

ጎንደር ውስጥ ሃምስተር የለም። በመላው አፍሪካም በዱር የሚኖር ሃምስተር የለም። ጭልፊቷ ግን የእኛም የእነሱም ናት። ሠፈራችን ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ አንዷ ትቀመጣለች፤ ቪየና ከተማ ውስጥም የዚችው ዓይነት በመቶ የሚቆጠሩ ጥንዶች አሮጌ ሕንፃ ላይ ይፈለፍላሉ። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ ባዶ ጥያቄ አይደለም። ሁለቱ ፍጥረታት እውነትም የሚገናኙበት ከተማ አለ።

ጭልፊት ስል ከሉካንዳ ቤት ደጃፍ ሥጋ የምትነጥቀውን ትልቋን ማለቴ አይደለም። ትንሿን ነው። ጀርባዋ ሸክላ መልክ ያለው፣ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት፣ ክንፏ ሹል፣ ጅራቷ ረዘም ያለ። ወንዱ ራሱና ጅራቱ ግራጫ ነው። ፈረንጆቹ ኬስትሬል ይሏታል። ጎጆ የመሥራት ልማድ የላትም። የግንብ ስንጥቅ፣ የገደል ቀዳዳ፣ ቁራ ትቶት የሄደው ጎጆ ይበቃታል። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩና ያን ግንብ ሲያሠሩ ለማን ቤት እየሠሩ እንደነበር ሙሉውን አላወቁትም። ቱሪስቱ ግቢው ውስጥ ገብቶ የአንበሳውን ቤት ፎቶ ሲያነሳ እኔ አንዳንዴ አንጋጥጬ የምፈልገው እሷን ነው።

ማየት ያለባችሁ ግን ነፋስ ሲነሳ ነው። በተለይ በበጋው፣ ከሰዓት በኋላ፣ የጎሃ ጉብታ ላይ ወይም ወደ ቁስቋም መውጫ ላይ ቆማችሁ። ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። ነፋሱ ወደ ኋላ በሚገፋት ልክ ወደ ፊት ትበራለች፣ ስለዚህ ታች ላለ ሰው አየር ላይ ተሰቅላ የቀረች ትመስለዋለች። ክንፏ ይርገበገባል፣ ጅራቷ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ራሷ ግን ንቅንቅ አይልም። ዓይኗ ሣሩ ውስጥ ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ፣ እንደገና ቆም፣ እንደገና ዝቅ፣ ከዚያ ውርውር።

(ስለ ዓይኗ አንድ የሚዞር ወሬ አለ። አይጦች መንገዳቸው ላይ ሽንት ይረጫሉ፣ ሽንቱ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ያሳያል፣ ጭልፊቷም ከላይ ሆና ዱካቸውን ታነባለች ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከፊንላንድ የወጣ ጥናት ነው ይህን ያስነሳው። ደስ የሚል ነገር ነው። በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች የአዳኝ ወፎችን ዓይን መርምረው ያን ብርሃን እምብዛም እንደማያስገባ ጻፉ። ወሬው ግን እስከ ዛሬ ሼር ይደረጋል። ደስ የሚል ነገር እንዲህ ነው፣ አይሞትም።)

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። አንድ ትልቅ የዱር ሃምስተር ከ200 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። ጭልፊቷስ? ወንዱ ብዙ ጊዜ 200 ግራም አይሞላም። ሴቷ ትበልጠዋለች፣ እሷም ቢሆን 300 ግራም ከደረሰች ትልቅ ናት። አንብባችሁ እለፉት አትበሉ፣ ደግማችሁ እዩት። አዳኟ ከምትታደነው ትቀላለች። ክንፍ ሲዘረጋ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ትልቅ ትመስላለች እንጂ ያ ሁሉ ላባና አየር ነው። የእሷ እንጀራ ትናንሽ የሜዳ አይጦች፣ አንበጣ፣ እንሽላሊት፣ አንዳንዴ ትንሽ ወፍ ነው። ያደገች ሃምስተር ደግሞ ስትያዝ ቆማ የምትጠብቅ አይደለችም። በኋላ እግሯ ትቆማለች፣ ጥቁር ሆዷን ታሳያለች፣ ጉንጯን ትነፋለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች። ውሻ ላይ ትዘላለች። ሰው ላይም ትዘላለች።

ስለዚህ ካደገች አይጧ ታሸንፋለች አልኩት። ገና ከጉድጓድ የወጣች ግልገል ከሆነች ግን ጭልፊቷ ይዛት ትሄዳለች። ልጁ መልሱን አልወደደውም። አሸናፊው በዕድሜ የሚለያይ ጨዋታ ለእሱ ጨዋታ አይደለም።

እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ።

እናቴ ጎታ ያላት ሴት ናት። ከተማ መሀል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እየኖረች ጓዳዋ ጥግ ላይ ያ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ጎታ አለ። የደንቢያ ዘመዶቻችን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚልኩላት እህል እዚያ ይገባል። ጎታ ጎዶሎ ሆኖ ሰኔ ከገባ እንቅልፍ የላትም። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ባጃጅ ይነዳል። ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ። ያገኘውን በዕለቱ ይዞ ይገባል፣ በዕለቱ ያልቃል። ቤንዚን በወረፋ ካላገኘ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር በውድ ይገዛል፣ ያን ቀን ትርፍ የለም። ከእጅ ወደ አፍ ማለት እሱ ነው።

ቪዲዮውን አይተው ሁለቱም ወዲያው የየራሳቸውን ወገን ያዙ። እናቴ የሃምስተሯን ጉንጭ አይታ «አየህ፣ ይቺ እንኳ ለክፉ ቀን ታስቀምጣለች» አለችው ለወንድሜ። ወንድሜ «እማዬ፣ እሷ እኮ የበረዶ ሀገር አይጥ ናት፤ እኔ ምን ላስቀምጥ፣ የተረፈኝን ነው ወይስ ያልተረፈኝን?» አለ። ይህ ክርክር በቤታችን አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር እንስሳ መግባቱ ብቻ ነው።

በእናቴ በኩል ሆኜ ልጀምር፣ ምክንያቱም የሃምስተሯ ነገር እውነትም ያስገርማል። ጉንጯ ውስጥ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ከረጢት አላት። እህል እየሞላች፣ እየተመላለሰች፣ ጉድጓዷ ውስጥ ወዳለው ማከማቻ ታራግፋለች። የብርድ ወቅት ጉድጓዷ እስከ 2 ሜትር ጠልቆ ይገባል። መኝታው ለብቻ፣ እህሉ ለብቻ፣ መጸዳጃው ለብቻ። የምታከማቸው በኪሎ የሚቆጠር እህል ነው፤ እሷ ራሷ ግማሽ ኪሎ የማትሞላ! ከዚያ በጥቅምት ገደማ በሩን በአፈር ትደፍናለች። እስከ መጋቢት አትወጣም። ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ ልቧ ዝግ ይላል፣ ትተኛለች። በየተወሰነ ቀኑ ነቅታ ከጎታዋ ትበላለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ጎረቤት የላትም፣ ባልም ከመጋቢያው ወቅት በኋላ አያድርም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ማንም ሊበደራት አይመጣም። እናቴ ይህን ስነግራት «ይሄስ ንፉግነት ነው» አለች። ሃምስተሯ በእናቴ ዘንድ ነጥብ የጣለችው እዚህ ጋ ነው። የእናቴ ጎታ እኮ በነሐሴ ለግማሽ ሠፈር ይከፈታል።

የጭልፊቷን ነገር ደግሞ ለወንድሜ ብዬ አነበብኩ። መጋዘን የላትም፣ ትክክል። ግን ጭራሽ አታስቀምጥም ማለት አይደለም። ቀን ብዙ ስታድን የተረፋትን ሣር ሥር ወይም ድንጋይ ጥግ ትደብቃለች፤ ማታ ሊመሽ ሲል ተመልሳ ትበላዋለች። ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ሆዷን ሞልታ ብትበር ትከብዳለች። ቀን ቀልላ ታድናለች፣ ማታ በልታ ትተኛለች። የባጃጅ ልጆቹ የዕለት ዕቁብ አላቸው፤ ወንድሜም ጠዋት ላይ ካገኛት ትንሽ ነገር ቆርጦ ለሰብሳቢው ይሰጣል፣ ማታ ቢሰጥ እንደማይተርፍ ያውቃላ። ዕቁቡን ከእናቴ ጎታ ጋር ማወዳደር አይቻልም፣ ግን ምንም አይደለም ማለትም አይቻልም።

እስከዚህ ድረስ ተረት ነው። ቆጣቢዋና ቀን በቀኗ የምትኖረው፣ መጨረሻው ላይ አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ታለቅሳለች። ተረቱን የሚያውቅ ሰው ሃምስተሯ ትተርፋለች፣ ጭልፊቷ ትራባለች ብሎ ይጠብቃል።

የሆነው ተቃራኒው ነው። ጭልፊቷ ዛሬም ከአውሮፓ እስከ እስያ፣ ከእስያ እስከ አፍሪካ በብዛት ያለች ወፍ ናት። ጎታ የምትሞላዋ ሃምስተር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። አካሄዱ ካልተለወጠ በ30 ዓመት ውስጥ ልትጠፋ ትችላለች ተብሏል። ድሮ አንዲት እናት በዓመት ከ20 በላይ ልጆች ትወልድ ነበር፤ አሁን 5 ወይም 6 ብቻ። ከቤልጂየም እስከ ሳይቤሪያ ድረስ ሜዳውን ሞልታ የነበረች፣ ገበሬ እንደ ጠላት የሚያድናት፣ ቆዳዋ ኮት የሚሆን አይጥ። ሆላንድ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ከሜዳ ሰብስበው፣ በማርቢያ አዋልደው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 እንደገና ወደ እርሻው ለቀቋቸው።

ለምን? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ግን አንዱ ምክንያት ከሁሉም በላይ ከነከነኝ፣ ስለ እሱ ብቻ ላውራ።

ፈረንሳይ ውስጥ አልዛስ የሚባል አካባቢ አለ። ሃምስተሯ እዚያ ድሮ ስንዴ፣ ገብስ፣ አልፋልፋ፣ ልዩ ልዩ አረም እያገላበጠች ነበር የምትኖረው። ከዚያ ሜዳው በቆሎ ሆነ። ከዳር እስከ ዳር በቆሎ። የስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሃምስተሮችን ወስደው በተለያየ ምግብ አሳደጉና እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አወጡ። ስንዴ ከትል ጋር ወይም ስንዴ ከክሎቨር ጋር የበሉት እናቶች ከወለዷቸው አምስት ልጆች አራቱ ያህል ጡት እስከመጣል ደረሱ። (ክሎቨር ከብት የሚወደው መኖ ነው።) በቆሎ የበሉትስ? ከመቶ አምስት።

የቀሩት የት ሄዱ? እናቶቻቸው በሏቸው። ከነሕይወታቸው። እናትየዋ ትቅበዘበዛለች፣ በቤቷ ውስጥ ዙሪያውን ትሮጣለች፣ የወለደቻቸውን ከበቆሎ ክምሯ ጋር ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ትበላቸዋለች። ጎታዋ ሙሉ ነው እኮ! የጎደላት እህል አይደለም። በቆሎ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ3 ሰውነቷ ሊጠቀምበት አይችልም፤ በቆሎ ብቻ ከሆነ ምግቧ ያ ይጎድላታል። ቫይታሚኑን ሲጨምሩላት ልጆቿን ማሳደግ ጀመረች።

ይህን ያነበብኩ ቀን ለእናቴ አልነገርኳትም። የሚነገር ነገር አይደለም። በኋላ ነገርኳት። ዝም አለችና «አራስ ናት፣ ምን አበሏት?» አለች። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹም የጠየቁት እሱን ነው።

ሰውም ላይ ደርሷል። ሰሜን ኢጣሊያ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አሜሪካ ደቡብ ደግሞ በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በቆሎ ብቻ ይበላ የነበረ ድሀ ቆዳው እየተላጠ፣ አእምሮው እየተናጋ ይሞት ነበር። ፔላግራ ይሉታል። ተላላፊ በሽታ መስሏቸው ነበር። ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ነገሩ ከምግብ መሆኑን ያሳየው። በቆሎን መጀመሪያ ያለሙት የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ግን ይህ አልደረሰባቸውም፣ በቆሎውን በኖራ ወይም በአመድ ውኃ ይቀቅሉት ነበርና ቫይታሚኑ ይለቀቅላቸዋል። በቆሎው በመርከብ ሲሄድ አሠራሩ አብሮ አልተጫነም።

እኛም በቆሎ እንበላለን። ዛሬ በኢትዮጵያ በምርት ብዛት ከእህል ሁሉ የሚበልጠው በቆሎ ነው። ግን በእኛ ቤት በቆሎ ብቻውን ንፍሮ ሆኖ አያውቅም። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽንብራው አብሮ ይገባል። እናቴ ስለ ቢ3 ሰምታ አታውቅም፣ «በቆሎ ብቻውን ሆድ ያታልላል» ነው የምትለው። ጎታዋንም ያየ ሰው አንድ ዓይነት እህል አያገኝበትም። እውነት ለመናገር በዚህ ጉዳይ ከአውሮፓ የግብርና ፖሊሲ እናቴን አምናለሁ።

እንግዲህ የእኔ ነገር እዚህ ጋ ነው። ሃምስተሯ ስንፍና አልሠራችም። አባካኝ አልነበረችም። አባቶቿ እንዳደረጉት ሞልታ፣ ደፍና ተኛች። ሜዳውን ለውጠው ባዶ ነገር እንድትሰበስብ ያደረጓት ሌሎች ናቸው። እኛ ደግሞ የቁጠባ ነገር ሲነሳ ሁሌ የምንገስጸው ሰብሳቢውን ነው። ለምን አላስቀመጥክም፣ ለምን አልቆጠብሽም። ሜዳው ላይ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ፈረንሳይን እንኳ የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ሃምስተሯን በበቂ አልጠበቅሽም ብሎ ሲፈርድባት አይጧን አልወቀሰም። በኋላም አንዳንድ ገበሬዎች ስንዴና አልፋልፋ እንዲዘሩ ድጎማ ተከፈላቸው።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «አየሽ እማዬ፣ ጎታም አያድንም!» ግን ጭልፊቷም ለእሱ የምትሆን ምስክር አይደለችም። ይህንንም ልንገራችሁ።

ጭልፊት በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6 እንቁላል ትጥላለች። ለአንድ ወር ያህል ስትታቀፍ አዳኙ ወንዱ ነው። እሱ ያመጣል፣ እሷ ተቀብላ ትበላለች፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ ጥቂት ሳምንት እንዲሁ ነው። ከዚያ ሁለቱም ይወጣሉ። አየር ላይ ቆሞ ማደን ደግሞ ብዙ ያስገኛል፣ ግን ጉልበት ይጨርሳል። ለዚህ ነው በብርድ ወቅት አውሮፓ ውስጥ ምሰሶ ላይ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት፤ ጥቂት ያገኛሉ፣ ጥቂት ያወጣሉ። የእኛዋም በሐምሌ ዝናብ ግንቡ መስኮት ላይ ተኮራምታ አይቻታለሁ። እርጥብ ላባ ይዞ አየር ላይ መቆም የሚባል ነገር የለም።

ሆላንዶች አንድ ጭካኔ ያለበት ሙከራ ሠርተዋል። ከአንዱ ጎጆ ሁለት ጫጩት አንስተው ሌላው ጎጆ ውስጥ ጨመሩ። ወላጆቹ አልቆጠሩም፣ ወይም ቆጥረው ዝም አሉ፤ ብቻ ለሁሉም አመጡ። ከወትሮው የበለጠ በረሩ፣ የበለጠ አደኑ፣ ጫጩቶቹን አሳደጉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ውጤት ግን ይህ ነው፦ በኋላ ሞተው ከተገኙት ወላጆች መካከል ሁለት ጫጩት የተጨመረባቸው 60 በመቶዎቹ የመጀመሪያውን የብርድ ወቅት ሳይጨርሱ ነው የሞቱት። ጫጩት ካልተጨመረባቸው ወይም ከተቀነሰላቸው ደግሞ 29 በመቶ። ያን ጊዜ አልወደቁም። ጫጩቶቹ በርረው ከሄዱ በኋላ፣ ብርድ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ረስቶት ሲሄድ ነው የወደቁት።

ቪየናም ሌላ ነገር አለ። ከተማው መሀል ያሉት አሮጌ ሕንፃዎች ጉድጓድ በጉድጓድ ስለሆኑ ጭልፊቶቹ ይወዷቸዋል፣ ይጎርፋሉ። ቤት ሞልቷል። ሜዳው ግን ሩቅ ነው፣ የሜዳ አይጥ እንደልብ የለም። ስለዚህ መሀል ከተማ የሚፈለፍሉት ከዳር ካሉት ያነሰ ልጅ ያሳድጋሉ። ከገጠር ወጥቶ ፒያሳ ጎን ክፍል የተከራየ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ አይፈልግም።

በነገራችን ላይ የእኛም የራሳችን ጎታ ሞሊ አለን። ፍልፈል። ሃምስተር አይደለችም፣ ዘሯም ሌላ ነው፣ አኗኗሯ ግን ይቀራረባል፤ ብቻዋን ትኖራለች፣ በጥርሷ ትቆፍራለች፣ ሥራ ሥሩን ጉድጓዷ ውስጥ ታከማቻለች። ገበሬ አይወዳትም። ከደባርቅ ወደ ላይ ስሜን ተራሮች ላይ ደግሞ የሣር አይጦቹ ቀን በቀን ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲሯሯጡ ይታያሉ፣ ሰማዩ ላይ ጭልፊትና ትላልቆቹ አዳኞች፣ መሬት ላይ ቀይ ቀበሮ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው። እሱም የሚኖረው በአይጥ ነው። አይጥ ይጥፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ሄዶ ማየት ነው፤ ማብራራት ይደክመኛል።

የወንድሜን ቤት ነገር አልነገርኳችሁም። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከገጠር ወጥተው የመጡ ዘመዶች እሱ ጋ ናቸው፤ መንገዱ ደህና ሲሆን እንመለሳለን ብለው ነበር፣ መንገዱ እስካሁን እንደዚያው ነው። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርር አልሰማሁም። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይወጣል። እናቴ ማታ ስትቆጣው የምትቆጣው ስለ ቁጠባ ነው። እኔ የምፈራው ሌላ ነው።

የሆላንዱን ሙከራ የነገርኩት ፒያሳ ጥግ ላይ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። 60 በመቶውን ስነግረው ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ቆይ» አለኝ፣ «ሁለቱን ጫጩት ማን ነው ያመጣባቸው?»

«ተመራማሪዎቹ ናቸው አልኩህ እኮ። ከሌላ ጎጆ አንስተው።»

«ታዲያ የተነሳባቸው ወላጆች አልፈለጓቸውም?»

ጥናቱ ስለዚያ አይናገርም አልኩት። «እንዴት አይናገርም!» አለ፣ በጣም ተናዶ፤ ከዚያ ሁለት የአዘዞ ተሳፋሪዎች ገቡ።